የይሉኝታ ቅጂ

ስልኩ ሲጮኽ እትዬ ማን እንደሆነች ሳያዩ አወቁ። በዚህ ሰዓት፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ የምትደውልላቸው አንዲት ሴት ብቻ ነች።

«ደግሞ ቆመ» አለች የላብራቶሪ ኃላፊዋ። ሰላምታ የሚባል ነገር ከተወች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። «ሃያ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ተሰልፏል፣ እኔ የደም ቱቦ ላይ በእስክሪብቶ ስም እጽፋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!»

«እስቲ አጥፍተሽ አብሪው።»

«አጥፍቼ አበራሁት።»

«እሺ፣ እና?»

«እናማ ሠራ! እሱ አይደል እንዴ የሚያናድደኝ? ዛሬ ለምን እንደሠራ አላውቅ፣ ነገ ለምን እንደሚቆም አላውቅ። አንቺስ ታውቂያለሽ?»

እትዬ አያውቁም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፕሮግራም ጽፈው፣ ቢሮው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ በዕድሜም በልምድም በልጠው፣ «አላውቅም» ማለት አልሆነላቸውም። «እያየሁት ነው» አሉና ዘጉት። እያየሁት ነው ማለት በዚህ ሙያ አላውቅም ማለት ነው፤ ኃላፊዋም ይህን ከተረዳች ቆይታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮው ለሆስፒታሉ ላብራቶሪ የሠራው ፕሮግራም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በሽተኛው ደም ሲሰጥ ቱቦው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ያትማል፤ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት። ይህ የእትዬ ክፍል ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሯቸው አያውቅም። ሁለተኛው የምርመራውን ውጤት ለሐኪሙ ይልካል። ይህን የጻፈው የእትዬ ልጅ ባል ነው፤ ቢሮው ከገባ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ክፍሉም ላብራቶሪው ውስጥ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ሁለቱም ክፍሎች ቀንና ሰዓት ለማስላት አንድ ላይብረሪ ይጠራሉ። ላይብረሪ ሲባል መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት እንዳይመስላችሁ። ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው፣ ፕሮግራመር ሁሉ ከዜሮ ከሚጀምር እየጠራ የሚገለገልበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ባለቤቶቹ በየጊዜው ካላሻሻልነው ሞተን እንገኛለን ባይሉ ኖሮ መልካም ነገር ነበር።

አሁን አንዳንድ ቀን ጠዋት የእትዬ ክፍል «የተጠራው ፈንክሽን አልተገኘም» ይልና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያ ፈንክሽን፣ ማለትም ቀኑን አሰካክታ የምታቀርበው የሥራ ትእዛዝ፣ እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረች ነች። የት ትሄዳለች? እግር የላት። በማግስቱ ቦታዋ ላይ ትገኛለች። ሁለት ቀን ትሰነብታለች፣ በሦስተኛው ጠዋት ደግሞ ድራሿ ይጠፋል።

ቢሮ ውስጥ ግን አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም። እትዬ በየቀኑ ይሞክሩታል፤ በሽተኛ ይመዘግባሉ፣ ወረቀት ያትማሉ፣ ውጤት ይልካሉ። ይሠራል። እንደገና ይመዘግባሉ፣ ያትማሉ፣ ይልካሉ። አሁንም ይሠራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። የሌለ በሽተኛ ስም የያዘ ተለጣፊ ወረቀት ጠረጴዛቸውን ሞልቶ፣ አንዱ እጅጌያቸው ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ አብሯቸው ሄዷል። የሚሠራ ነገር እንዴት ይጠገናል? የተሰበረውን አሳዩኝ ሲሉ አልተሰበረም፣ ደህና ነው ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ ተሰበረ።

ማክሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ አስጠራቸው። ዳይሬክተሩ በሃያ ዓመት ያንሳቸዋል። ሥራ ሁሉ «ዛሬውኑ» እንዲያልቅ ስለሚፈልግ ቢሮው «ዛሬውኑ» የሚል ቅጽል አውጥቶለታል፤ እሱም ያውቀዋል፣ ደስ ሳይለውም አይቀርም።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለ። «በግልጽ ልናገር። የእርስዎ ክፍል ዐሥራ አምስት ዓመት ሠርቷል። የተበላሸው ልጁ ከመጣ በኋላ ነው። ይህን ለማየት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።»

«የእሱ ክፍል መቼ ቆመ? የቆመው የኔ ነው እኮ።»

«አስቁሞት ነዋ! የሙከራ ጊዜው ዓርብ ያልቃል። እስከዚያ ምክንያቱ ካልታወቀ እኔ አልፈርምለትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አማችዎ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ሥራ ቦታ አማች የለኝም» አሉ እትዬ ኮስተር ብለው።

ውሸታቸውን ነው። ተፈትኖ በራሱ የገባ ቢሆንም፣ ልጁ ቢሮው ውስጥ ከአማችነት በቀር ሌላ ነገር ሆኖላቸው አያውቅም። ሁሉም አንተ አንቺ በሚባባልበት ክፍል ውስጥ እሳቸው ሲገቡ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል። «እስቲ ይህን ኮድ እየውና አስተያየትህን ንገረኝ» ቢሉት፣ ኮዱ ገና ሳይከፈት «በጣም ጥሩ ነው እማማ» ይላል። እትዬም በበኩላቸው ከእሱ የተሻሉ አይደሉም። የልጁን ሥራ ሲያዩ የሚነቅፉት ነገር ምላሳቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል። አማት ሆና ስህተት ትለቅማለች እንዳይባል፣ ልጃቸው ሰምታ እንዳትከፋ። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ቢሆን ግን ይሄኔ ቢሮው ይናወጥ ነበር።

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ልጃቸው የሁለት ወር ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ እያስገሳች ሁለቱንም በተራ አየቻቸው።

«እማዬ፣ ቢሮ ምንድነው ያለው? እሱ እንደሆን አይናገርም።»

«ምንም የለም» አሉ እትዬ።

«ምንም የለም» አለ ባልየው።

«ሁለታችሁም አንድ ናችሁ» አለች። «ተጋብታችሁ ብትሆኑ ኖሮ ቤቱ ውስጥ ድምፅ አይሰማም ነበር።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደው ሥራው ባይሆን እንኳ ያ ሌላ ከተማ እንቅጠርህ ያሉት ቦታ አለ፣ እንሄዳለን» አለች።

እንሄዳለን። እትዬ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ያ የሌላ ከተማ ሥራ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ልጁ ከሄደ ልጃቸውም ትሄዳለች፣ ትከሻዋ ላይ ያለችውም ትሄዳለች፤ የልጅ ልጃቸውን በስልክ መስታወት እያዩ ሊያሳድጉ ነው። ሁሉም በአንዲት በምትጠፋና በምትመጣ ፈንክሽን ምክንያት!

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ከአማቻቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮዱን መስመር በመስመር ፈተሹ። አንድ ጊዜ ቀና ሲሉ ልጁ የእሳቸውን ክፍል ከፍቶ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ አዩት። እንዳዩት ሲያውቅ ቶሎ ዘጋው።

«ምን አየህ?»

«ምንም እማማ።»

«የሆነ ነገር አይተህ ነው የዘጋኸው።»

«አይ፣ እንዲያው አጻጻፍዎ ማርኮኝ ነው።»

የዐሥራ አምስት ዓመት ኮድ ማንንም ማርኮ አያውቅም። እትዬ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ራሳቸውም ሲከፍቱት ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። አንገቱን ይዘው ሊያናውጡት ፈለጉ። «እሺ» አሉና ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ አልገቡም፤ በቀጥታ ላብራቶሪ ሄዱ። ኃላፊዋ ነጭ ጋውኗን እየቆለፈች ተቀበለቻቸውና፣ «አሁን ገና ሰው ላኩልኝ» አለች። ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ተሰላፊ አልመጣም። ፍሪጁ ያጓራል፣ የቱቦ መደርደሪያዎቹ ታጥበው ተገልብጠዋል። ኃላፊዋ ኮምፒውተሩን አበራች፣ ተቀመጠች፣ ከትናንት ያደሩትን ውጤቶች አንድ በአንድ ወደ ሐኪሞቹ ላከች። ዐሥራ ሁለቱም በሰላም ሄዱ። ያኔ የመጀመሪያው ሰውዬ መጣ፤ ክንዱን ዘረጋ። ኃላፊዋ ወረቀቱን ለማተም ቁልፉን ነካች።

የተጠራው ፈንክሽን አልተገኘም።

«ይኸውልሽ!» ብላ በሁለት እጇ አሳየቻቸው፣ ልክ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው። «አየሽው? በዓይንሽ አየሽው? ያበድኩ ሲመስልሽ ነበር አይደል?»

እትዬ ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር። «ሁልጊዜ ከውጤት ነው የምትጀምሪው?»

«ሰው ካልመጣ የትናንቱን እጨርሳለሁ። ሰው ካለ ሰውን አስቀድማለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ልቁረጥ?»

እትዬ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ቢሮ ውስጥ እሳቸውም ልጁም ሌላውም ሁሉ፣ ሲሞክሩት መጀመሪያ በሽተኛ ይመዘገባል፣ ቀጥሎ ወረቀት ይታተማል፣ መጨረሻ ላይ ውጤት ይላካል። የሥራው ተፈጥሮ ነውና ማንም ገልብጦ ሊሞክረው አላሰበም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲደክሙ ኖረዋል።

«አጥፊና አብሪው። አሁን መጀመሪያ ወረቀት አትሚ።» ሠራ። ውጤትም ተላከ። «አጥፊው። አሁን ከውጤት ጀምሪ።» ወረቀቱ እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ተሰላፊው በርክቶ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ደማችን ደረቀ» እያሉ ነው።

እትዬ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሳቸው ጎተቱ። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ላይብረሪውን የሚያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የጠራው ክፍል በሚያውቀው ቦታ ሄዶ ያነሣል፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ክፍል ያንኑ ስም ሲጠራ «ይዣለሁ» ይላል እንጂ ዳግመኛ አይፈልግም። ስለዚህ አንዲት መስመር ጻፉ፤ የያዝከውን ላይብረሪ ከየት አነሣኸው የምትል። ከውጤት ሲጀመር መልሱ መጣ። ከአማቻቸው ፎልደር። አራተኛው ቨርዥን፣ ማለትም ተሻሽሎ ለአራተኛ ጊዜ የወጣው።

አራተኛው! ቢሮው ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሠራው በሁለተኛው ነው። በአራተኛው ውስጥ ያቺ የእትዬ ፈንክሽን የለችም፤ ባለቤቶቹ በሦስተኛው ላይ አርጅታለች ብለው አውጥተው ጥለዋታል። ደማቸው ፈላ። ዝም ብሎ፣ ሹክ ሳይል፣ ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ቅጂ ጉያው ውስጥ ሸጉጦ፣ ከዚያ መጥቶ «አጻጻፍዎ ማርኮኝ ነው»!

«አገኘሽው?» አለች ኃላፊዋ።

«አገኘሁት። ቆይ ግን።» ቆይ ያሉት ሙያቸው ነው። አንድ ነገር አልገጠመላቸውም። መጀመሪያ ወረቀት ሲታተም የሚነሣው የእሳቸው ሁለተኛ ቨርዥን ነው፤ የልጁ ክፍል ደግሞ በአራተኛው ውስጥ ብቻ ያለ አንድ ፈንክሽን ይጠራል። ያኔ የእሱ ክፍል መቆም ነበረበት። ለምን አልቆመም? የራሳቸውን ፎልደር ከፈቱ፣ ሁለተኛውን ቨርዥን እስከ ታች አወረዱት። መጨረሻ ላይ ከባለቤቶቹ ያልመጣች ዐሥራ ሁለት መስመር ተቀምጣለች። ከላይዋ በእሳቸው እጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ «ለጊዜው። ለእሱ ክፍል።»

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ትዝ አላቸው። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጀርባ ሲያልፉ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞልቶ አዩ። የጠራው ፈንክሽን በአሮጌው ላይብረሪ ውስጥ አልነበረም። ጆሮው ቀልቷል፣ ባልደረቦቹ በዙሪያው ተቀምጠዋል። ቆም ብለው «እኛ ጋ ያ የለም፣ አሮጌ ነው የምንጠቀመው» ማለት ይችሉ ነበር። በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብለው አለፉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ፣ የጎደለችውን ፈንክሽን በራሳቸው እጅ ጽፈው አሮጌው ላይብረሪ ውስጥ ከተቱለት፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በጎ ሥራ ሠርቻለሁ ብለው ያን ዕለት ደስ ብሏቸው ነው ቤታቸው የገቡት።

አሁን የፋይሎቹን ሰዓት አዩ። ልጁ አራተኛውን ቨርዥን ፎልደሩ ውስጥ ያስገባው በዚያው ቀን ነው። እሳቸው ጽፈው ከጨረሱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ። እሱም ለአማቱ ላይብረሪዎ አርጅቷል ማለት አፍሮ፣ የእሳቸውን ሳይነካ የራሱን አምጥቶ ደበቀ። በማግስቱ ሁሉም ነገር ሠራ። እሳቸው እኔ አዳንኩት አሉ በሆዳቸው፣ እሱ እኔ አስተካከልኩት አለ በሆዱ። እንዲህ ባይከባበሩ ኖሮ ነገሩ በዚያው ዕለት ከሰዓት አደባባይ ወጥቶ፣ ተጨቃጭቀውበት፣ ያልቅ ነበር።

«ጥፋቱ የማነው?» አለች ኃላፊዋ።

«የሁለት ጨዋ ሰዎች።»

«ጨዋ ሰው እንዲህ ካደረገኝ ሁለተኛ ባለጌ ላኩልኝ።»

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ያስፈራቸውም ቅለቱ ነው። አራተኛው ቨርዥን ውስጥ ገብተው የጎደለችባቸውን ፈንክሽን ልክ እንደ በፊቱ በእጃቸው ቢጽፉበት፣ ዐሥር መስመር ብትሆን ነው፣ ከየትም ቢጀመር ሁሉም ይሠራል። ማንም አያውቅም። ለዛሬውኑ የሆነ ምክንያት ፈልገው ይነግሩታል፣ ልጁ ይፈረምለታል፣ የእሳቸውም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ጣቶቻቸው ሳይታዘዙ ሁለት መስመር ጽፈው ነበር። ሦስተኛዋ ላይ ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ በዝምታ ደግሞ! በሌላ ጠዋት ሌላ ነገር ይቆማል፣ ይቺ ሴትዮ ትደውላለች፣ እሳቸው «እያየሁት ነው» ይላሉ። ሁለቱን መስመር አጠፉ።

«እስከ ነገ ድረስ ኮምፒውተሩን ስታበሪ መጀመሪያ አንድ ወረቀት አትሚ፣ ሰው ባይኖርም» አሏት።

«የማን ስም ልጻፍበት?»

«የኔን ጻፊ» አሉና ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

ቢሮ ሲደርሱ የአማቻቸው ጠረጴዛ ተጠርጎ አገኙት። ኩባያው የለም፣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ የለም። የዳይሬክተሩ በር ገርበብ ብሏል፤ ሳያንኳኩ ገቡ። ልጁ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«በሰዓቱ መጡ» አለ ዛሬውኑ። «ነገሩ አልቋል። ልጁ ራሱ አምኗል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል።»

«የምን ጥፋት?»

«ሳላስፈቅድ አዲስ ቨርዥን አስገብቼ ነው እማማ» አለ ልጁ ለምንጣፉ። «የእርስዎን ክፍል ያስቆመው እሱ ነው። ትናንት ነው የገባኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ትናንት! ትናንት ከገባህ ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

ልጁ ጃኬቱን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ።

«አፍ የለህም? ለምንድነው ከመጀመሪያው ያልነገርከኝ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት እማማ?» አለ። ድምፁ ከፍ አለች፣ እሱንም ያስደነገጠችው ትመስላለች። «ላይብረሪዎ ዐሥራ አምስት ዓመት አርጅቷል ልበልዎት? የሚጠሩትን ፈንክሽን ዓለም ትቶታል ልበልዎት? በሰው ፊት?»

በሦስት ወር ውስጥ ከአፉ የወጣች የመጀመሪያዋ እውነት ነች። እትዬ አመማቸው፣ ደግሞም ተነፈሱ። ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ።

«ጃኬቱን ያስቀምጥ» አሉ። «ግማሹ የኔ ነው።» አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ከጀርባው ሲያልፉ ያዩትን ቀይ ጽሑፍ፣ በድብቅ የጻፉትን ዐሥራ ሁለት መስመር፣ ማስታወሻውን፣ አርባውን ደቂቃ። ቢሮ ውስጥ የማይታየው ለምን እንደሆነና ላብራቶሪ ውስጥ የሚታየው ለምን እንደሆነም አስረዱ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው።

«በአንድ ቀን?» አለ ዛሬውኑ። «ሦስት ሜትር ተራርቃችሁ ተቀምጣችሁ፣ በአንድ ቀን ሁለታችሁም? አንዳችሁ አንድ ቃል ብትተነፍሱ ምን ነበረበት?»

ዳይሬክተሩ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ይደረግ?»

«አንድ ላይብረሪ፣ አንድ ቨርዥን፣ አንድ ቦታ» አሉ እትዬ። «ድብቅ ቅጂ የሚባል ነገር ይቅር።»

«የትኛው ቨርዥን ይሁን?»

እትዬ ልጁን አዩት። አሮጌው ይሁን ቢሉ ማንም አይከራከራቸውም፤ በጥገናቸው ሁለቱንም ክፍል ያሠራል፣ ልጁም «በጣም ጥሩ ነው እማማ» ይላል። «አዲሱ» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «አዲሱ ከሆነ የኔ ክፍል እንደገና ይጻፋል። የሚጽፈው እሱ ነው፤ አዲሱን የሚያውቀው እሱ ነው። ለመጻፍ ደግሞ እዚህ መኖር አለበት፣ ስለዚህ ፈርምለት።»

ዳይሬክተሩ አንዴ እሳቸውን አንዴ ልጁን አየ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ቅጹን አወጣና ፈረመ። «ዓርብን አልጠብቅም» አለ። «ግን እትዬ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የደከሙበት ክፍል እኮ ነው።»

«እሱን ለኔ ተወው» አሉ እትዬ። ቶሎ ብለው ወጡ።

ልጁ ተከትሏቸው መጣ። እትዬ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው ያንን ክፍል ከላይ ጀምሮ ከፈቱለት። ከጎናቸው ቆመ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ።

«ስንት ቦታ ነው የሚቀየረው?»

«ትንሽ ነው እማማ። ቀላል ነው።»

እትዬ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ሰው ሁሉ ዞረ። «አሁን ከዳይሬክተሩ ክፍል ወጥተን ወሬው እንኳ አልቀዘቀዘም! ስንት ቦታ?»

«መቶ አርባ አካባቢ» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ።

«ሌላስ?»

«ሌላ እንኳ...»

«ሌላስ አልኩህ!»

ዋጥ አደረገ። «ያው አንዱን ሥራ ሦስት ቦታ ደግመው ጽፈውታል። ስሞቹ ምን እንደሚሉ አይገባም። ይሄ ከመሃል ያለው ደግሞ ከተጻፈ ጀምሮ ማንም ጠርቶት አያውቅም።» አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው፤ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየዘለለ ቀጠለ፣ እማማ ማለቱንም ረሳ። የሚለው ሁሉ ልክ ነው። እትዬ ልክ መሆኑን ባወቁ ቁጥር ይበልጥ ያንገበግባቸዋል፣ ሆኖም አላቋረጡትም። በመጨረሻ ራሱ ደነገጠና ቆመ። «እውነቱን ልናገር?» አለ በቀስታ። «እኔ ብሆን አልጠግነውም። ሁሉንም አጥፍቼ ከባዶ እጀምረው ነበር።»

ባልደረቦቹ ሁሉ ሥራ የያዙ መስለው አንገታቸውን ደፍተዋል። እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ተቀመጥ።»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ቆመው እኔ...»

«ተቀመጥ አልኩህ!»

ተቀመጠ። ከመጀመሪያዋ መስመር እስከ መጨረሻዋ ድረስ መረጠ፤ ገጹ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። እትዬ ይህን ሲጽፉ ልጃቸው እግራቸው ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ልጁ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ፣ ሳይጫን ቆየ፣ ፊቱን አዙሮ ከታች ወደ ላይ አያቸው።

«አትየኝ» አሉት እትዬ። «አጥፋው።»